906,150,257፦ ለዘመናት የታመነበትን ግምት ያፈረሰው ቁጥር

አንድ አባባል በ906 ሚሊዮን ቁጥሮች ላይ ተፈትሾ አንድም ጊዜ ሳይስት ቢገኝ፣ በቀሪዎቹም ላይ እውነት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል? በዕለት ተዕለት ኑሮ ሰው ከዚህ እጅግ ባነሰ ማስረጃ ይረካል። አንድን ድልድይ መቶ ጊዜ የተሻገረ መንገደኛ ለመቶ አንደኛው ጊዜ ሲሻገር ቆም ብሎ አይጠራጠርም። ሐኪም፣ ዳኛ፣ ነጋዴና ገበሬም ቢሆኑ ደጋግመው ያዩትን ነገር መሠረት አድርገው ይወስናሉ።

በሒሳብ ዓለም ግን ይህ መንገድ አስተማማኝ አይደለም። ለዚህም ከሚጠቀሱት ምስክሮች አንዱ 906,150,257 የተባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲነበብ ዘጠኝ መቶ ስድስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ይሆናል። ዜሮ በሌለው በግእዝ አኃዝ ደግሞ ፱፼፮፻፲፭፼፪፻፶፯ ተብሎ ይጻፋል።

ቁጥሩን ለሚያየው ሰው የተለየ ነገር የለውም። ሆኖም በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1919 ያቀረቡትን፣ ውብና አሳማኝ የነበረውን ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያፈርሰው እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከ2 ጀምሮ ለግምቱ መስክረውለት ነበር።

ከዙሪክ የተነሣው ጥያቄ

ጆርጅ ፖሊያ እአአ በ1887 በሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ተወለዱ። በ1914 አዶልፍ ሁርቪትስ በተባሉት ታዋቂ የሒሳብ ሊቅ ግብዣ ወደ ዙሪክ ሄደው፣ በስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ማስተማር ጀመሩ። በዚያች ከተማም እስከ 1940 ድረስ ለሩብ ምዕተ ዓመት ኖረዋል።

ፖሊያ በ1919 ያቀረቡት ግምት ስለ ሙሉ ቁጥሮች አሠራር ነው። እርሱን ለመረዳት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የብቸኛ ቁጥሮች ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው፤ ለምሳሌ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 11። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ አለዚያም የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ብዜቱም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ 12ን በማንኛውም መንገድ ብንበትነው በመጨረሻ የምናገኘው 2 × 2 × 3ን ነው።

አሁን የእያንዳንዱ ቁጥር ብቸኛ አብዢዎች ይቆጠሩ። 7 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ አንድ አብዢ አለው። 10 ሲበተን 2 × 5 ስለሚሆን ሁለት አለው። 12 ደግሞ ሦስት አለው፤ ምክንያቱም የተደጋገመው 2 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥር 1 ብቸኛ አብዢ ስለሌለው ቆጠራው ዜሮ ይሆናል።

በዚህ ቆጠራ መሠረት ቁጥሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የአብዢዎቻቸው ብዛት እንደ 1፣ 3፣ 5 ያለ ጎዶሎ የሆነ በአንድ ወገን፣ ብዛቱ እንደ 0፣ 2፣ 4 ያለ ተጋማሽ የሆነ በሌላ ወገን ይሰለፋሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል፤ የሚታየው የቁጥሩ መልክ ሳይሆን የአብዢዎቹ ብዛት ነው። 8 ራሱ ተጋማሽ ቁጥር ቢሆንም፣ 2 × 2 × 2 ተብሎ ሦስት አብዢ ስላለው ከጎዶሎው ወገን ይመደባል።

ፖሊያ የጠየቁት ጥያቄ የትኛው ወገን ይበዛል? የሚል ነበር።

የማይቀየር የሚመስል ብልጫ

ቆጠራውን ማንም ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊጀምረው ይችላል። ከ1 እስከ 10 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 8 ከጎዶሎው ወገን ናቸው፤ 1፣ 4፣ 6፣ 9 እና 10 ደግሞ ከተጋማሹ። አምስት ለአምስት እኩል ናቸው። እስከ 20 ሲቆጠር ግን የጎዶሎው ወገን 12 ለ8 ይመራል።

እስከ 100 ድረስ ውጤቱ 51 ለ49 ነው። እስከ 1,000 ድረስ 507 ለ493 ይሆናል። እስከ 1 ሚሊዮን ሲደረስ የጎዶሎው ወገን 500,265፣ የተጋማሹ ወገን 499,735 ቁጥሮች ይኖሩታል። ልዩነቱ 530 ብቻ ነው። ከጠቅላላው ቁጥር አንጻር ኢምንት ቢሆንም፣ መሪው ምንጊዜም አንድ ወገን መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የፖሊያ ግምት እንግዲህ ይህ ነበር፦ ከ2 ጀምሮ በየትኛውም ቁጥር ላይ ቆም ተብሎ ቢቆጠር፣ የተጋማሹ ወገን የጎዶሎውን ወገን በልጦ አይገኝም። አንዳንድ ጊዜ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሪነቱ ግን ከጎዶሎው ወገን እጅ አይወጣም።

ለግምቱ የሚቀርበው የመጀመሪያ ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ሁለት አብዢ ያለው ሆኖ ከመገኘቱ በፊት አንድ አንድ አብዢ ያላቸው ቁጥሮች መቅደም አለባቸው። 4 ከመምጣቱ በፊት 2 አለ፤ 6 ከመምጣቱ በፊት 2ም 3ም አሉ። ስለዚህ የጎዶሎው ወገን ሩጫውን ቀድሞ የጀመረ ሯጭ ይመስላል። ይህ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ቀድሞ የጀመረ ሯጭ ሁልጊዜ ቀድሞ አይገባምና።

በዙሪክ ጫካ ውስጥ የተጀመረ ሐሳብ

የቁጥሮቹን ፉክክር በሌላ መልክ ማየትም ይቻላል። አንድ ሰው በቀጥታ መንገድ ላይ ቆሞ ቁጥሮቹ በተራ ይጠሩለት። የተጠራው ቁጥር ከተጋማሹ ወገን ከሆነ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፤ ከጎዶሎው ወገን ከሆነ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይመለሳል። የፖሊያ ግምት ይህ ሰው 2 ከተጠራ በኋላ ከተነሣበት ቦታ አልፎ ወደፊት ፈጽሞ አይገኝም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው እርምጃ ሳንቲም እየወረወረ ወዲያና ወዲህ የሚሄድን ሰው ጉዞ ይመስላል። ይህን ዓይነቱን በዕድል የሚመራ ጉዞ በሒሳብ በጥልቀት ከመረመሩት መካከል ደግሞ ራሳቸው ፖሊያ ይገኙበታል። ራሳቸው እንደተረኩት ከሆነ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ በእግር ሲንሸራሸሩ አንድ ተማሪና እጮኛውን ደጋግመው ያገኟቸው ነበር። ጥንዶቹ ሆን ብለው እየተከተሏቸው መስሏቸው እንዳያፍሩ በመስጋት፣ እንዲህ ያለ መገጣጠም በዕድል ብቻ ምን ያህል ሊደጋገም እንደሚችል ማስላት ጀመሩ።

ውጤቱ እአአ በ1921 ታተመ። መንገዶቿ እንደ መረብ በተዘረጉ ወሰን በሌላት ከተማ፣ በየመስቀለኛው መንገድ አቅጣጫውን በዕድል የሚመርጥ መንገደኛ ፈጥኖም ዘግይቶም ወደተነሣበት ቦታ ይመለሳል። ወደላይና ወደታችም መሄድ በሚቻልበት ባለ ሦስት አቅጣጫ መረብ ውስጥ ግን የመመለስ ዕድሉ ወደ 34 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

በቀጥታ መንገድ ላይ የሚጓዘውም ሰው፣ ጉዞው እውነተኛ የሳንቲም ጉዞ ከሆነ፣ ከመነሻው ወዲያም ወዲህም መመላለሱ አይቀርም። የቁጥሮቹ ጉዞ ግን የሳንቲም ጉዞ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ በቁጥሩ ባሕርይ የተወሰነ ነው። ታዲያ ይህ ጉዞ ከመነሻው በስተኋላ ተቆልፎ የሚቀርበት የተሰወረ ምክንያት ይኖር ይሆን?

የጥያቄው ክብደት

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የፖሊያ ግምት እውነት ሆኖ ቢረጋገጥ ኖሮ፣ በሒሳብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው መልስ አብሮ ይገኝ ነበር። ይህም ጀርመናዊው ቤርንሃርድ ሪማን እአአ በ1859 ያቀረቡት መላምት ነው።

የሪማን መላምት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ቁጥሮች መካከል እንዴት እንደተበተኑ የሚናገር ነው። ለዚህም ዜታ የተባለን ፈንክሽን በመጠቀም፣ ፈንክሽኑ ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች የት እንደሚገኙ ይተነብያል። ከላይ በተጠቀሰው መንገደኛ ቋንቋ ሲነገር፣ የሪማን መላምት እውነት ነው ማለት የመንገደኛው ርቀት ከእርምጃዎቹ ብዛት ካሬ ዘር እጅግ አይርቅም ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን እርምጃ ከተራመደ ርቀቱ በሺህ እንጂ በመቶ ሺህ የሚቆጠር አይሆንም እንደማለት ነው።

መላምቱ ዛሬም አልተረጋገጠም። መልስ ለሚያገኝለት ሰው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተቀምጦለታል። የፖሊያ ግምት ወደዚህ መልስ የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ ይመስል ስለነበር ነው የብዙዎችን ትኩረት የሳበው። ግምቱ ቢፈርስ ግን የሪማን መላምት አብሮ አይፈርስም፤ አቋራጩ ተዘጋ ማለት ብቻ ይሆናል።

አንድም ቁጥር ሳይጠቀስ የፈረሰ ግምት

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው እአአ በ1942 ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልበርት ኢንግሃም የፖሊያ ግምት እውነት ከሆነ በዜታ ፈንክሽን ዜሮዎች መካከል እጅግ እንግዳ የሆነ ዝምድና መኖር እንዳለበት አሳዩ። እንዲህ ያለ ዝምድና ስለመኖሩ ምንም ፍንጭ አልነበረም። ግምቱን ከማመን ይልቅ መጠራጠር ይቀላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ እየጠነከረ ሄደ።

በ1958 ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ብራያን ሃዝልግሮቭ ግምቱ ሐሰት መሆኑን አረጋገጡ። የሚገርመው ሃዝልግሮቭ ግምቱን የሚያፈርስ አንድም ቁጥር አላቀረቡም። የዜታ ዜሮዎችን በዘመኑ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አስልተው፣ የተጋማሹ ወገን መምራት የሚጀምርበት ቦታ የግድ መኖር እንዳለበት አሳዩ። ቦታው ባለ 362 አኃዝ በሆነ ግዙፍ ቁጥር አካባቢ ሊሆን እንደሚችልም ገመቱ።

ቁጥሩን ሳያገኙ መኖሩን ማወቅ እንዴት ይቻላል? የጄኔቫ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ሐይቅ ላይ የአካባቢው ሰዎች ‘ሴሽ’ ብለው የሰየሙት ክስተት አለ። ነፋስ ወይም የአየር ግፊት ለውጥ የሐይቁን ውሃ ሲያናውጠው፣ ውሃው በገበታ ላይ እንዳለ ፈሳሽ ከዳር እስከ ዳር ይወዛወዛል። ፍጥነታቸው የተለያየ ብዙ ውዝዋዜዎች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲነሣ ሌላው ስለሚወርድ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አልፎ አልፎ ግን ሁሉም በአንድነት ሲነሡ የውሃው ከፍታ ያልተጠበቀ ደረጃ ላይ ይደርሳል።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነትም እንዲሁ ከብዙ ሞገዶች ድምር የተሠራ ነው። እያንዳንዱ የዜታ ዜሮ አንድ ሞገድ ይሰጣል። ሞገዶቹ የሚወዛወዙበት የውሃ ወለል ግን ከዜሮ በታች ነው፤ ይህም የጎዶሎው ወገን በአማካይ እንዲመራ ያደርገዋል። ብልጫው የቁጥሩን ካሬ ዘር ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ለአንድ ሚሊዮን ሲሰላ ወደ 685 ይጠጋል፤ በእውነተኛው ቆጠራ የተገኘው 530 ከዚህ ብዙም አይርቅም። 906 ሚሊዮን አካባቢ ሲደረስ ደግሞ የሚጠበቀው ብልጫ ከ20 ሺህ በላይ ነው።

ስለዚህ የተጋማሹ ወገን እንዲመራ ሞገዶቹ ተባብረው ያን ሁሉ ጉድለት መሙላት አለባቸው። እንዲህ ያለ መገጣጠም ብርቅ ነው። ሃዝልግሮቭ ያረጋገጡት ብርቅ ቢሆንም የማይቀር መሆኑን ነው።

ቁጥሩና ባሕርያቱ

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ አሜሪካዊው ሸርማን ሌማን ግምቱን የሚያፈርስ ቁጥር በስሙ ጠሩ፦ 906,180,359። ቁጥሩ ሃዝልግሮቭ ከገመቱት ግዙፍ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። ጃፓናዊው ሚኖሩ ታናካ በ1980 ከሁሉም የሚያንሰውን አፍራሽ ምሳሌ አገኙ። እርሱም 906,150,257 ነው።

እዚህ ቁጥር ላይ ቆም ተብሎ ሲቆጠር የተጋማሹ ወገን 453,075,129፣ የጎዶሎው ወገን 453,075,128 ቁጥሮች አሉት። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ከእርሱ አንድ በሚያንሰው በ906,150,256 ላይ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በትክክል እኩል ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ስለ ቁጥሩ ሌላ ነገር ማወቅ ይቻላል። ሚዛኑን ወደ ተጋማሹ ወገን ያጋደለው ራሱ ስለሆነ፣ የብቸኛ አብዢዎቹ ብዛት ተጋማሽ መሆን አለበት። ብቸኛ ቁጥር ደግሞ አንድ አብዢ ብቻ ስላለው ከጎዶሎው ወገን ነው። ስለዚህ 906,150,257 ብቸኛ ቁጥር ሊሆን አይችልም። ቁጥሩን ለማካፈል አንድም ሙከራ ሳይደረግ፣ በተሰለፈበት ቦታ ብቻ ይህን መደምደም መቻሉ የሒሳብ አስተሳሰብ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ያሳያል።

የተጋማሹ ወገን የበላይነት በአንድ ቁጥር አላበቃም። ከ906,150,257 እስከ 906,488,079 ባለው ክልል ውስጥ ባሉት አብዛኞቹ ቁጥሮች ላይ ግምቱ ይፈርሳል። ብልጫው ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ906,316,571 ሲሆን፣ በዚያ ቦታ የተጋማሹ ወገን በ829 ይመራል።

የቁጥሩን ርቀት ለመገመት አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እየመረመረ፣ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ይቆጥራል እንበል። 906,150,257 ላይ ለመድረስ ከ28 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፖሊያ ግምታቸውን ባሳተሙበት በ1919 ቢጀምር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ነው የሚደርሰው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግምቱን የሚቃረን አንድም ነገር አያይም።

ጄኔቫ ስንት ማስረጃ ይበቃታል?

ከዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ የምትርቀው ጄኔቫ እውነትን በሌላ መንገድ የሚፈልግ ታላቅ ተቋም መገኛ ናት። በአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት፣ በአጭር መጠሪያው ሰርን፣ ሳይንቲስቶች ከመሬት በታች በተዘረጋ 27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ውስጥ ቅንጣቶችን እያላተሙ የቁስ አካልን ምሥጢር ይመረምራሉ።

እአአ ሐምሌ 4 ቀን 2012 የሂግስ ቦዞን ቅንጣት መገኘት ከዚያ ተበሰረ። ብሥራቱን ለማወጅ የተጠየቀው መስፈርት ጥብቅ ነበር። ቅንጣቱ ባይኖር ኖሮ፣ የታየው ምልክት በአጋጣሚ ብቻ የመከሰት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ መሆን ነበረበት። በፊዚክስ ይህ ‘አምስት ሲግማ’ ይባላል።

መስፈርቱ እንዲህ የጠበቀበት ምክንያት አለ። በታኅሣሥ 2015 በዚያው በሰርን የሚገኙ ሁለት የምርምር ቡድኖች በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ አዲስ ቅንጣት የሚመስል ምልክት ማየታቸውን ገለጹ። ምልክቱ አምስት ሲግማ አልደረሰም ነበር። ሆኖም በዓለም ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምርምር ጽሑፎች ተጻፉበት። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ምልክቱ ጠፋ። የአጋጣሚ ሥራ ሆኖ ተገኘ። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” እንዲሉ፣ ጊዜና ተጨማሪ ምርመራ ነገሩን ለዩት።

ከዚህ አንጻር የፖሊያ ግምት ከ906 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ፍተሻዎች ማለፉ ከፊዚክስ መስፈርት እጅግ የላቀ ማስረጃ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ ግን አንድ የተሸሸገ ወጥመድ አለ። ፍተሻዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ አልነበሩም።

መንገደኛው በአንድ ጊዜ የሚሄደው አንድ እርምጃ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በ1 ሚሊዮን ላይ ከመነሻው 530 እርምጃ ወደኋላ ነበር። ስለዚህ ቀጣዮቹ 530 ቁጥሮች ምንም ዓይነት ቢሆኑ ግምቱን ሊያፈርሱት አይችሉም። እነርሱን መፈተሽ አዲስ ማስረጃ አይጨምርም። 530 ምስክሮች ቀርበው ሁሉም አንዱ የነገራቸውን እንደሚደግሙ ነው። የማስረጃ ብዛትና የማስረጃ ክብደት የተለያዩ መሆናቸውን ዳኞችም፣ ጋዜጠኞችም፣ ሐኪሞችም ከየሙያቸው ያውቁታል።

ሁለተኛው ወጥመድ የምንፈትሻቸው ቁጥሮች ሁሉ ትንንሽ መሆናቸው ነው። ቢሊዮን ለሰው ልጅ ትልቅ ነው፤ ማለቂያ ከሌለው የቁጥሮች ሰልፍ አንጻር ግን ገና የመነሻው ደጃፍ ነው። የቁጥሮች እውነተኛ ባሕርይ የሚገለጠው ኮምፒውተር ሊደርስበት በማይችል ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ሌላ ምሳሌ አለ። የፖሊያን ግምት የሚመስለውና በፍራንትስ ሜርተንስ ስም የሚጠራው ግምት ከ1897 ጀምሮ ሲታመንበት ቆይቶ፣ በ1985 አንድሪው ኦድሊዝኮ እና ሄርማን ቴ ሪል ሐሰት መሆኑን አረጋገጡ። ይሁን እንጂ ግምቱን የሚያፈርሰውን ቁጥር እስካሁን በስሙ የጠራ የለም። መኖሩ ታውቋል፤ የት እንዳለ ግን አልታወቀም።

ግምት ወደ ማረጋገጫ ሲለወጥ

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግምት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት የሠሩት አንድ ሥራ ሌላውን ገጽታ ያሳያል።

እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች በተሠራ መረብ ላይ አንድ መንገደኛ ይጓዛል፤ የረገጠውን ቦታ ግን ዳግመኛ አይረግጥም። የእርምጃው ብዛት ሲጨምር ሊጓዝባቸው የሚችላቸው መንገዶች በየእርምጃው በስንት እጥፍ ይባዛሉ? የኔዘርላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ቤርናርድ ኒንሃውስ እአአ በ1982 መልሱ 1.8478 ገደማ መሆኑን፣ በትክክል ሲነገር ደግሞ የ2 ካሬ ዘር ላይ 2 ተደምሮ የሚገኘው ቁጥር ካሬ ዘር እንደሆነ ተነበዩ። ትንበያው አሳማኝ ቢሆንም ሒሳባዊ ማረጋገጫ አልነበረውም።

ማረጋገጫውን በ2010 ይፋ ያደረጉት ሁለት የጄኔቫ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ስታኒስላቭ ስሚርኖቭ እና ሁጎ ዱሚኒል-ኮፓን። ሁለቱም በሒሳብ ታላቅ የሚባለውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸልመዋል፤ ስሚርኖቭ በዚያው በ2010፣ ዱሚኒል-ኮፓን በ2022። ትንበያው ከቀረበ ከ28 ዓመት በኋላ ከግምት ወደ እውነት ተሸጋገረ።

የዙሪኩ ግምት ፈረሰ፤ ጄኔቫ ላይ የተረጋገጠው ትንበያ ጸና። ማረጋገጫው ወይም አፍራሹ ምሳሌ ከመምጣቱ በፊት ግን ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ውጫዊ ምልክት አልነበረም። ሁለቱም ውብ ነበሩ፤ ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው።

መገመትም ማረጋገጥም

ፖሊያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ሳለ በ1940 ዙሪክን ለቀው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኋላም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1945 የሒሳብ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚፈቱ የሚያስተምረውን ዝነኛ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። በ1954 ደግሞ ከምልከታ ተነሥቶ መገመት ስለሚቻልበት መንገድ በሁለት ቅጽ ሰፊ ሥራ አቀረቡ።

የትምህርታቸው ፍሬ ነገር ተማሪ ማረጋገጥን ብቻ ሳይሆን መገመትንም መማር አለበት የሚል ነው። መገመት መንገዱን ያሳያል፤ ማረጋገጥ ደግሞ መድረሻውን። ፖሊያ የራሳቸው ግምት በ1958 ሲፈርስ በሕይወት ነበሩ፤ የመጀመሪያው አፍራሽ ቁጥር በ1980 ሲገኝም እንዲሁ። ያረፉት በ1985፣ በ97 ዓመታቸው ነው።

ዛሬም ተመሳሳይ ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። የሪማን መላምት ከ10 ትሪሊዮን በላይ በሆኑ የዜታ ዜሮዎች ላይ ተፈትሾ አንድም ጊዜ አልሳተም። ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው የሚለው የጎልድባህ ግምትም እስከ 4 ኩዊንቲሊየን፣ ማለትም 4 ላይ 18 ዜሮዎች እስከሚጨመሩበት ቁጥር ድረስ፣ ተፈትሾ አልፏል። አብዛኞቹ የሒሳብ ሊቃውንት ሁለቱም እውነት እንደሆኑ ያምናሉ።

ይሁን እንጂ አንዳቸውም እንደ ተረጋገጠ እውነት አልተመዘገቡም። ይህ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ ለሚመስለው ሰው መልሱ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ነው፦ 906,150,257።